ከመጠጥ መላቀቅ የሚፈልግ ሰው በደሴና በኮምቦልቻ ወዴት ይሂድ?

ለደሴና ለኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደሮች የጤና ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ ከአልኮል ሱስ ለሚያገግሙ ሰዎች የመደጋገፊያ ቡድን እንዲታወቅ ወይም እንዲጀመር ስለመጠየቅ

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው ጥያቄው የእኔ ቤት ጥያቄ ብቻ ስላልሆነ ነው። የደሴ ነዋሪ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ ኖሮ ዛሬ መጠጥ ትቷል። ትቶት እንዲቆይ ደግሞ እንደ እሱ ትተው በመታገል ላይ ካሉ ሰዎች ጋር በየሳምንቱ መቀመጥ ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለ ቦታ በከተማችን ፈልጌ አላገኘሁም። በጤና ጣቢያ፣ በመድኃኒት ቤት፣ በዕድራችን ዳኛ ዘንድ ጠይቄያለሁ፤ የንስሐ አባታችንንም፣ ግድግዳ የሚጋሩንን ሸሕም ጠይቄያለሁ። ፊቱን ያዞረብኝ ሰው የለም፤ ሁሉም «አብሽሪ» ብለው፣ አንዳንዶቹም ጸሎትና ዱዓ አድርገው ሸኝተውኛል። ነገር ግን «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ እዚህ ቦታ ይሂድ» ያለኝ አንድም አልነበረም። ስለዚህ የማቀርበው ጥያቄ አጭር ነው፤ ቡድኑ ካለ ቦታውና ሰዓቱ ለሕዝብ ይነገር፣ ከሌለ በሁለቱም ከተሞች ይጀመር።

ወንድሜ ሕክምና አግኝቷል፤ ያንን መካድ አልፈልግም። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የጤና ተቋም ተኝቶ፣ መንቀጥቀጡ ቆሞ፣ እንቅልፍ ተመልሶለት፣ የቡና ሲኒ በሁለት እጁ መያዝ ቀርቶለት ወጥቷል። ሲወጣ በተሰጠው ወረቀት ላይ ግን ከቫይታሚኑ ትእዛዝ በቀር ምንም አልነበረም፤ የቀጠሮ ቀን የለም፣ የሚደወልለት ሰው የለም፣ ከዚህ በኋላ ምን ይሁን የሚል አንድ መስመር የለም። ኮሪደሩ ላይ ያገኘኋት ነርስ «እህቴ፣ መጠጡን ከሰውነቱ አውጥተንለታል፤ እሱን ግን ከሰፈሩ ልናወጣው አንችልም» አለችኝ። እውነቷን ነበር። የተመለሰው ወደዚያው ቤት፣ ወደዚያው ሥራ፣ ወደዚያው ጓደኛ ነው። ከቀትር በኋላ ጫት ሲቅሙ የሚውሉት ጓደኞቹ አመሻሽ ላይ ምርቃናውን ለመስበር ለጨብሲ ሲነሡ በራችን ላይ ያልፋሉ፤ ስሙን ጠርተው ይጣራሉ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ ናፍቀውት ነው። ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ለሚያገግም ሰው ከቀኑ ሁሉ የከበደው መሆኑን ያወቅሁት እሱን በማየት ነው። በእነዚያ ሰዓታት እኛ ቤተሰቦቹ የምንሰጠው ቡናና ምክር ነው፤ ምክሩን ደግሞ እሱ ከእኛ በላይ ያውቀዋል። የሚጎድለው፣ ያ አምሮት ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ በራሱ ላይ አይቶ የሚያውቅ ሰው ነው።

ወደ ቡድኑ ጉዳይ ከመግባቴ በፊት ሊዘለል የማይገባ ነገር አለ፤ ባለማወቅ ሰው ይሞትበታልና። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው፣ በንዴትም ይሁን በስእለት፣ ድንገት ሲያቆም ሰውነቱ በጽኑ ይታመማል። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ 6 ሰዓት ካለፈ ጀምሮ ባለው የመጀመሪያ ቀን መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ ጭንቀትና የልብ ምት መፍጠን ይመጣሉ፤ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ሊነሣበት ይችላል፤ ከሁለተኛው ቀን በኋላ ደግሞ አንዳንዱ ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ያለበትን ቦታና የቤቱን ሰው ይስታል። ይህ የመጨረሻው ካልታከመ ይገድላል። በእኛ አካባቢ እንዲህ ሲሆን ቤተሰብ «ያዘው» ብሎ ክርስቲያኑ ወደ ጸበል፣ ሙስሊሙ ቁርኣን ወደሚቀራበት ይሮጣል። እኔም በጸበል አምናለሁ፤ ነገር ግን ከጸበሉ ጋር ሐኪም መኖር አለበት፤ ለዚህ ሕመም እንደ ዲያዜፓም ያለ የታወቀ መድኃኒት አለ፣ ከግሉኮስ በፊት የሚሰጥ ታያሚን የተባለ ቫይታሚንም አለ። እንዲጀመር የምጠይቀው ቡድን እንግዲህ ሕክምናን የሚተካ አይደለም። በክፍሉ በር ላይ አስቀድሞ ሊጻፍ የሚገባውም «በየቀኑ የምትጠጡ ከሆነ ከማቆማችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ» የሚል ነው።

ቡድኑ ራሱ ምን እንደሚመስል ለማያውቁ ጥቂት ልበል። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ አክሮን በተባለች ከተማ ቢል ዊልሰን የተባለ የኒውዮርክ የአክሲዮን ደላላና ቦብ ስሚዝ የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ተገናኙ። ሁለቱንም መጠጥ አዋርዷቸው ነበር። ዊልሰን መጠጥ ከተወ ወራት ቢያልፉትም፣ ለሥራ በሄደባት በዚያች ከተማ አምሮቱ ሲያስጨንቀው ያፈላለገው የሚመክረውን ሰው ሳይሆን እንደ እሱ የሚሠቃይና ሊያዋየው የሚችል ሌላ ጠጪ ነበር። ስሚዝ ለመጨረሻ ጊዜ በጠጣበት ቀን፣ በዚያው ዓመት ጁን 10፣ ዛሬ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው ማኅበር ልደቱን ይቆጥራል። አሠራሩ እስከ ዛሬ ቀላል ነው። አባል ለመሆን የሚጠየቀው መጠጥ የመተው ፍላጎት ብቻ ነው፤ የግዴታ መዋጮ የለም፣ ከውጭ ርዳታ አይቀበልም፣ የሻይውን ወጪ አባላቱ ራሳቸው ይሸፍናሉ፣ ስማቸው ከክፍሉ አይወጣም። ቆየት ያለው አዲስ የመጣውን ይይዘዋል፤ አምሮቱ በተነሣበት ሰዓት ሊደውልለት የሚችል ሰው ይሆነዋል። መንፈሳዊ ጎንም አለው፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ፈጣሪውን በራሱ እምነት እንዲጠራ ስለሚተው፣ ከአንድ ቤት አንዱ ለጁምዓ ሌላው ለቅዳሴ ለሚወጣበት ለወሎ ሰው የሚከብድ አይመስለኝም።

«እንዲህ ተቀምጦ ማውራት ምን ይፈይዳል?» የሚል ባለሙያ ቢኖር መልስ አለ። የሕክምና ማስረጃዎችን በመመዘን የታወቀው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ግምገማ 27 ጥናቶችንና 10,565 ተሳታፊዎችን ያካተተ ነበር። በዚያ ግምገማ፣ ባለሙያዎች ታካሚዎቻቸውን በሥርዓት ወደ እነዚህ ቡድኖች ባስገቡበት ሕክምና፣ ከሌሎች የታወቁ የምክር ሕክምናዎች ይልቅ፣ መጠጥን ፈጽመው ትተው የቆዩ ሰዎች በርከት ብለው ተገኝተዋል። እኔን ከሁሉ ይበልጥ የነካኝ «በሥርዓት ያስገቡበት» የሚለው ነው። ለታካሚው «ቡድን አለ፣ ሂድ» ማለትና ከአልጋው ሳይነሣ ከቡድኑ አንድ ሰው ጠርቶ ማስተዋወቅ አንድ አይደሉም። ከእናንተ የምጠብቀው ዋናው ነገር ይህ ማስተዋወቅ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቀው ጥቂት ነው።

በወሎ መሰባሰቢያ መቼ ጠፋ የሚል ይኖራል። አልጠፋም። ዕድር አለን፣ ሰንበቴና ማኅበር አለን፣ ለዱዓ የምንሰበሰብበት ወዳጃ አለን፤ የተጣላ የሚያስታርቁ አበጋሮች ያሉበት አገር ነው። ከመጠጥ ለሚያገግም ሰው ግን እነዚህ ሁሉ እያሉ አይበቁትም፤ አንዳንዶቹም ይፈትኑታል። በማኅበሩና በሰንበቴው ጠላ ይቀዳል፤ «አልጠጣም» ሲል የቤቱ እመቤት «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ» ትለዋለች። ፍቅር ነው፤ ነገር ግን ያችን አንዲት እሱ አይችላትም። በሠርግ ቢራው ሳይጠየቅ ፊቱ ይከፈታል። በወዳጃው ጫት አለ፤ ከጫት ወደ ጨብሲ ያለችው መንገድ ደግሞ አጭር ናት። ከዚህም በላይ በዕድሩ የሚያገኘው ሁሉ ጎረቤቱ ነው። የልጁን አስተማሪ ወይም የአለቃውን ሚስት ፊት ለፊት አስቀምጦ «ትናንት ማታ አረቄ ቤቱ በር ድረስ ሄጄ ተመለስሁ» የሚል ሰው አላየሁም። በሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ላይ ሸክሙ እጥፍ ነው፤ መጠጥ በሃይማኖታቸው ሐራም በመሆኑ የሚጠጣው ተደብቆ ነው፣ ለመተው ርዳታ ሲፈልግም ተደብቆ ነው። በዚህ ሁሉ ምክንያት መጠጥ የተወ ሰው ከመጠጡ ጋር ሰውም ያጣል፤ ከቤት ውሎ ግድግዳ ያያል፤ ብዙውን ጊዜ ወደ መጠጡ የሚመልሰውም ይኸው ብቸኝነት ነው።

የቦታውን ጉዳይ በሚመለከት ብዙ አስቤበታለሁ። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ቢሆን ግማሹ ሰው ይቀራል። የቀበሌ አዳራሽ ቢሆን የሚገባውንና የሚወጣውን ሰፈሩ ሁሉ ይቆጥረዋል። የአእምሮ ሕክምና የሚል ጽሑፍ በተሰቀለበት ክፍል ቢሆን ደግሞ፣ ሊሆን ባይገባውም፣ ብዙው ሰው ከበሩ ይመለሳል። የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት የጤና ጣቢያ የስብሰባ ክፍል ነው። ጤና ጣቢያ የሚገባን ሰው «ምን ልታደርግ ገባህ?» የሚለው የለም፤ ልጅ ለማስከተብም፣ ስኳር ለመለካትም ይገባል። ከሥራ ሰዓት በኋላ ክፍሉ ባዶ ነው። ጥበቃው በሩን እንዲከፍት የተጻፈ ፈቃድ፣ መብራት፣ ጥቂት ወንበርና በሳምንት ሁለት ምሽት ይበቃል፤ ለመጀመር ብዙ ሰው አያስፈልግም፣ አክሮን ላይ የጀመሩት ሁለት ነበሩ።

በሁለቱም ከተሞች ይሁን ብዬ የምወተውትበት ምክንያት አለኝ። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ለመድረስ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ደሴ ላይ ሰው እንዳያየው የሚፈራ በሚኒባስ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ የኮምቦልቻው ደግሞ ወደ ደሴ ይወጣል። በአንዱ ብቻ ቢጀመር ይህ መሸሸጊያ አይኖርም። ሱስ ያለበት የቤተሰብ አባል ያለው ሰው ዘወትር የሚባለው «አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ውሰዱት» ነው፤ 400 ኪሎ ሜትር ሄዶ መታከም ይቻል ይሆናል፣ በየሳምንቱ ግን 400 ኪሎ ሜትር ሄዶ መደጋገፍ አይቻልም።

ኮምቦልቻ የራሱ ጠባይ ያለው ከተማ መሆኑም ይታሰብ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የቢራ ፋብሪካው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ በዚያ ናቸው፤ ወደ ባቲና ወደ ሚሌ የሚወስደው መንገድ ከዚያ ይነሣል፣ የከባድ መኪና ሾፌሮችም ያድሩበታል። በፈረቃ የሚሠራ ሰው በተወሰነ ምሽት ብቻ ና ቢባል በአንዱ ሳምንት ይመጣል፣ በሌላው ይቀራል፤ ሲቀር ደግሞ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ለሁልጊዜ ነው። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ ከሁለቱ ስብሰባዎች አንዱ የሌሊት ፈረቃ ከወጣ በኋላ ጠዋት ላይ ቢሆን፣ ደመወዝ በሚከፈልበት ሰሞንም አንድ ተጨማሪ ቀን ቢታከልበት እላለሁ። የደመወዝ ዕለት ለሚያገግም ሠራተኛ ከማንኛውም በዓል የበለጠ አስጊ ቀን ነው።

የሴቶቹ ነገር ለብቻው ሊታይ ይገባል። በሁለቱም ከተሞች አረቄ አውጥተው፣ ጠላ ጠምቀው ልጆች ያሳደጉ እናቶች አሉ። አረቄው መጠንከሩን ለማወቅ መቅመስ የሥራው ግዴታ ነው፤ መቅመሱ ከጊዜ በኋላ መጠጣት የሆነባቸውን ሴቶች በቅርብ አውቃለሁ። ሲጠጣ ያመሸ ወንድ «ጠጪ ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ የሴቷ ግን ነውሯ ከልጆቿ ጋር ይጠራል። እንዲህ ያለች እናት በወንዶች መካከል ተቀምጣ አትናገርም፤ ስለዚህ ለሴቶች የተለየ ቀን፣ የምትመራውም ሴት ትሁን። ቤት ለቤት የሚሄዱት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ለብቻዋ ሲያገኟት ቀኑን በጆሮዋ ሊነግሯት ይችላሉ። መጠጡን ተይ ሲሏት እንጀራዋንም ተይ ማለት እንደሚሆንባት ግን አይዘንጋ፤ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቱ ሌላ የሥራ አማራጭ የሚያመቻችበት መንገድ ከመጀመሪያው ቢታሰብ ብዙዎችን ያድናል።

ይህ ነገር ከተጀመረ ሊበላሽበት የሚችለውን መንገድም ልጥቀስ፤ የምጽፈው በቅንነት ነው። እባካችሁ የምረቃ ሥነ ሥርዓት አይደረግለት፤ ባነር አይሰቀል፣ ቲሸርት አይታተም፣ ካሜራ አይግባ። አንድ ፎቶ በቴሌግራም ከተለቀቀ በማግስቱ ክፍሉ ባዶ ይሆናል። የመሥሪያ ቤት ሥራ ሪፖርት እንደሚፈልግ አውቃለሁ፤ ሪፖርቱ የሰው ቁጥር ብቻ ይሁን፣ ስም፣ ቀበሌና ስልክ አይመዝገብ። አበልም አይከፈልበት። አበል የመጣለት ቡድን አበሉ ሲቆም ይበተናል፤ በፕሮጀክት ተጀምረው በፕሮጀክት ያለቁ ስንት ጥሩ ነገሮችን አይተናል። ዕድሮቻችን ዘመን የተሻገሩት ገንዘቡም ዳኛውም የአባላቱ ስለሆነ ነው፤ ይህም ቡድን እንዲሁ ይሁን። የጤና ባለሙያው ድርሻ በሩን ማስከፈት፣ ለሚታመም ሰው በአቅራቢያ መገኘትና ከዚያ በኋላ ክፍሉን ለአባላቱ መተው ነው።

ባለሙያዎቻችሁ ከዚህ ጉዳይ የራቁ እንዳይደሉ አውቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጤና አገልግሎትን ልዩ ሐኪም ወደሌለባቸው ተቋማት ለማውረድ እ.ኤ.አ. በ2008 ያስጀመረው መርሐ ግብር የአልኮል ሱስን ከቅድሚያ ጉዳዮቹ አንዱ አድርጎ ይዞታል፤ ኢትዮጵያም ቀድመው ከተገበሩት አገሮች መካከል ናት። ይኸው ድርጅት ያዘጋጀው፣ 10 ጥያቄዎች ብቻ ያሉት የመጠጥ መመዘኛም አለ፤ ከ40 ነጥብ 8ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው አጠጣጡ ጎጂ ሊሆን ስለሚችል ይበልጥ ሊጠየቅ ይገባል። ለጨጓራ ሕመም፣ ለደም ግፊት፣ ወድቆ ለተሰበረ እጅ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣ ስንት ሰው ከጀርባው መጠጥ አለ! ጥያቄዎቹ ተጠይቀው የሚላክበት ቦታ ከሌለ ግን ባለሙያው መጠየቁን ይተወዋል፤ እኔ ባለሙያ ብሆን እተው ነበር። ቡድኑ መኖሩ ለሐኪሙም ጉልበት ነው።

ቤተሰብንም አትርሱ። የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ አባላት ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ1951 አል-አኖን የተባለ የራሳቸውን ማኅበር የመሠረቱት ያለ ምክንያት አልነበረም። ሚስት ቦርሳ ትደብቃለች፣ ለአለቃው «አሞት ነው» ብላ ትዋሻለች፣ እናት ዕዳውን ትከፍላለች፣ ልጅ አባቱ በምን ሁኔታ እንደሚገባ የእግሩን ኮቴ ሰምቶ ይለያል። እነዚህ ሰዎች ሲመክሩ፣ ሲለምኑና ሲቆጡ ኖረው ደክመዋል፤ ምን ማድረግ እንዳለባቸውና ምን ማድረግ እንደሌለባቸው የሚያዋዩት ሰው ይፈልጋሉ። በወር አንድ ጊዜ እንኳ ለቤተሰብ የሚሆን ስብሰባ ቢኖር ከሚመጡት የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ።

የእናንተም ሥራ ብዙ እንደሆነ ይገባኛል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በሁለቱም ከተሞች ባለፈ ጊዜ የጤና ተቋሞቻችን እንዴት ተዘርፈው እንደነበር፣ ከዚያም እንዴት ባለ ልፋት ወደ ሥራ እንደተመለሱ የዚህ አገር ሰው ያውቃል። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ሌሊቱን ለማሳለፍ ብለው መጠጥ የጀመሩ ሰዎች በሰፈሬ አሉ፤ ስለ መጠጥ ስንነጋገር ስለ እነሱም እየተነጋገርን ነው። አገራችን በ2011 ዓ.ም. ባወጣችው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰውም መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክላለች። መልካም ሕግ ነው፤ ገና ያልጀመረውን ይጠብቃል። አስቀድሞ ለገባበትና መውጣት ለሚፈልገው ግን የሚከፈትለት በር ያስፈልጋል።

በበኩሌ የምችለውን አቀርባለሁ። ክፍሉ ከተፈቀደ ሻይና ስኳሩን እኔና ሁለት ጎረቤቶቼ እንችላለን። ወንድሜም ስሙ ካልተጠራ የመጀመሪያው ተቀማጭ ለመሆን ፈቅዷል፤ ይህን ደብዳቤ አንብቦ እንዲወጣ የፈቀደውም እሱ ነው። ስሜን ያልጻፍሁት እኔ በምታወቅበት ከተማ እሱም ስለሚታወቅ ነው። ስለዚህ መልሱን በስሜ መላክ አይጠበቅባችሁም፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን በየጤና ጣቢያው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብትለጥፉት ይደርሰናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የደሴ ነዋሪ